ለድጎማ የተሰለፈበት በር

ጃን ኩም በ1992 እ.ኤ.አ. ከእናቱ ጋር ከዩክሬን ወደ ካሊፎርኒያዋ ማውንቴን ቪው ሲሰደድ የ16 ዓመት ልጅ ነበር። እናቱ ሞግዚት ሆነች፤ እሱ የሱቅ ወለል ጠረገ። የምግብ ድጎማም ተሰልፈው ይቀበሉ ነበር።

በኋላ ያሁ ውስጥ መሐንዲስ ሆነ። ፌስቡክ ሥራ ቢጠይቅ አልተቀበለውም። በ2009 ዋትስአፕን መሠረተ፤ በ2014 ያው ፌስቡክ ድርጅቱን በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። ኩም ውሉን የፈረመው ድሮ ለድጎማ ይሰለፍበት በነበረው ሕንፃ በር ላይ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ገንዘቡ ነው። ከዚያ የሚበልጠው ግን እምቢታው ነው። ስልክ በሚጠለፍበት የሶቪየት ሥርዓት ያደገው ኩም ማስታወቂያ አላስገባም፣ የሰው ምስጢርም አልሸጥም አለ። በ2016 መልእክቶች ሁሉ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነባቸው ተመሰጠሩ። ዛሬ ከቤይሩት ለእናቷ የድምፅ መልእክት የምትልክ እህታችንም የዚህ እምቢታ ተጠቃሚ ናት።

በ2018 ኩም ድርጅቱን ለቀቀ።