«አጠገብ» እና «ኩታ ገጠም»



በዚህ ጋዜጣችን ላይ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥ፥ ስለ መኝታ ክፍሎቹ መብራትና ስለ ማኅበሩ ምርጫ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ዛሬ ስለ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት አሳቤን ላቀርብ እወዳለሁ። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎቹ ማርክ የሚያጡበት፥ አንዳንዶችም «እኔ ለሒሳብ አልተፈጠርሁም» እያሉ ተስፋ የሚቆርጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ምሳሌውን ከራሴ ልጀምር። በአንደኛው ዓመት በአንድ ፈተና ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ ቀረበልን፤ ጎናቸው ሁሉ 20 ሜትር የሆነ ሁለት ካሬ ቦታዎች «አጄሰንት» ናቸው፤ ዙሪያቸውን ለማጠር ስንት ሜትር አጥር ያስፈልጋል? እኔ ይህን ቃል ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዤው የመጣሁት ከማዕዘን ትምህርት ነበር። በዚያ ትምህርት ሁለት አጄሰንት ማዕዘኖች አንድ ጫፍና አንድ ጎን በጋራ አላቸው። ስለዚህ ሁለቱን ቦታዎች አገጣጥሜ፥ የጋራውን ጎን ትቼ፥ 120 ሜትር ብዬ መለስሁ። መምህሩ ግን በመካከላቸው የእግር መንገድ እንደሚያልፍ አስበው ኖሮ፥ የሚፈልጉት መልስ 160 ሜትር ነበር። ስሌቴ ደኅና ነበር፤ የተሰናከልሁት በአንዲት ቃል ነው። ይህንም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለመጠየቅ ስላፈርሁ ሴሚስተሩን ሙሉ የገዛ አእምሮዬን ስወቅስ ከረምሁ።

በኋላ መዝገበ ቃላት ገልጬ ባየሁ ጊዜ ሁለታችንም ልክ እንደ ነበርን ተረዳሁ። አጄሰንት የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው «አጠገብ የተኛ» ማለት ነው። አጠገብ የተኛ ነገር ሊነካ ይችላል፤ ላይነካም ይችላል። ኮንቲጉየስ የሚለው ግን «መንካት» ከሚል የላቲን ግሥ የተወለደ ነው፤ ሳይነካኩ ኮንቲጉየስ መሆን የለም። ክብን በአንዲት ነጥብ ብቻ የሚነካው መስመር፥ ታንጀንት የምንለው፥ የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። በመንካት የሚተላለፈው በሽታ ኮንቴጅየስ መባሉም ከዚያው ነው። አጆይኒንግ ደግሞ «መግጠም፥ መጥመድ» ከሚል ግሥ ስለ መጣ፥ የጋራ ግድግዳ ወይም የጋራ ወሰን ላላቸው ነገሮች ይነገራል። እነዚህን ሁሉ ለየብቻ ስንሸመድድ ብዙ ሸክም ናቸው፤ ሥራቸውን ስናውቅ ግን አንድ ቤተሰብ ሆነው ይገኛሉ።

የሚያሳዝነው ይህን ልዩነት ከቤታችን ይዘነው መምጣታችንን አለማስተዋላችን ነው። አያቴ ገበሬ ነበሩ፤ ፊደልም አልቈጠሩም። ነገር ግን «ማሳዬ ከእገሌ ማሳ አጠገብ ነው» ማለትና «ኩታ ገጠም ነው» ማለት ለእሳቸው አንድ አልነበረም። አጠገብ ከሆነ በመካከል ጅረትም መንገድም ሊያልፍ ይችላል። ኩታ ገጠም ከሆነ ግን የዚህኛው ማሳ ጫፍ የዚያኛው መጀመሪያ ነው። በሽማግሌ ፊት የወሰን ክርክር ሲነሣ በዚህች ቃል ምክንያት መሬት ይገኝባታል፥ ይታጣባታልም። ከኦሮምኛም ሆነ ከትግርኛ ወይም ከሶማልኛ የመጣው ጓደኛችን በቋንቋው እንዲሁ ለይቶ የሚናገርበት ቃል እንዳለው ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

«ይህ የቃላት ጨዋታ ነው» የሚል ቢኖር፥ ዓለም በእነዚሁ ቃላት የምትተዳደር መሆንዋን ላስታውሰው። እ.ኤ.አ. በ1982 በተፈረመው የባሕር ሕግ ስምምነት መሠረት የአንድ አገር የግዛት ባሕር እስከ 12 የባሕር ማይል ይደርሳል። ከዚያ ቀጥሎ እስከ 24 የባሕር ማይል ድረስ ያለው ክፍል «ኮንቲጉየስ ዞን» ይባላል፤ በዚያም አገሩ የጉምሩክና የጤና ሕጉን ለማስከበር ቍጥጥር ሊያደርግ ይችላል። አሜሪካኖችም 48ቱን የተያያዙ ግዛቶቻቸውን በዚሁ ቃል ይጠራሉ። አላስካ በካናዳ፥ ሀዋይ በውቅያኖስ ስለ ተለዩ እ.ኤ.አ. በ1959 ግዛት ቢሆኑም ከዚህ ቍጥር አይገቡም። ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ሲሆን፥ የታተመው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ የሕግ ተማሪ ስለ ጎረቤትና ስለ ወሰን ሲያነብ፥ ቃሉ በሦስት ቋንቋዎች በር አልፎ የመጣ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ታዲያ ትምህርቱ ሁሉ በገዛ ቋንቋችን ቢሆን አይሻልም ወይ?» ይላሉ። ይህ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ በአንድ ገጽ ጽሑፍም አይፈታም። ነገር ግን እርሱ እስኪፈታ ድረስ ፈተናው አይጠብቀንም። ሌሎች ደግሞ «ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንግሊዝኛ ይወቅ እንጂ!» ይላሉ። እውነት ነው፤ ይወቅ። ነገር ግን ማወቅ ማለት ቃሉን አሳምሮ መጥራት ብቻ እንዳልሆነ እኔ በ120 ሜትር አጥር ተምሬአለሁ።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። መጀመሪያ፥ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፤ አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ አምስት ደቂቃ ለቃላቱ ስጡልን፤ በሰሌዳውም ላይ ሥዕል ሥላችሁ አሳዩን። ሁለት ትርጕም ያለው ቃል በፈተና ላይ ሲወጣም የትኛው እንደሚፈለግ ይገለጽልን። ሁለተኛ፥ የተማሪዎች ማኅበር በቤተ መጻሕፍቱ በር አንድ ሰሌዳ ሰቅሎ በየሳምንቱ ዐሥር ቃላት ከነሥራቸውና ከነአገርኛ አቻቸው ይጻፍበት። ጠመኔውን እኔ አመጣለሁ። ሦስተኛውና ዋናው ለእኛ ለተማሪዎች ነው፤ በክፍል ውስጥ እጁን አንሥቶ «ይህ ቃል ምን ማለት ነው?» ብሎ በሚጠይቅ ጓደኛችን ላይ አንሣቅ። እርሱ የጠየቀውን አብዛኞቻችን አናውቀውም። መዝገበ ቃላቱ በየኪሳችን ባለው ስልክ ይገኛል፤ የጎደለን የመጠየቅ ድፍረት ነው።

ኔይበር የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በጥንት አነጋገር «በቅርብ የሚኖር ገበሬ» ማለት ነበር። በእኛም ጎረቤት በሚለው ቃል ውስጥ ቤት አለ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ሸምድደነው ያልገባን ቃል ሩቅ ዘመድ ነው፤ ስሙን እንጠራዋለን እንጂ በችግራችን ቀን አይደርስልንም። የገባን ቃል ግን ከአሳባችን ጋር ኩታ ገጠም ነው።