እንግዳን መቀበልና እንግዳን መጠበቅ



በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ ከደጅ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ» ሲል ባለቤቱ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እንግዳው ከተኛ በኋላ ግን በሩን የሚቀረቅረው፥ ውሻውንም የሚፈታው ያው ባለቤት ነው። እንግዳን መቀበልና መጠበቅ አንድ ሥራ ነውና።

ይህን ነገር እንድናነሣ ያደረገን የካርቱም ከተማ ታሪክ ነው። በዚያች ከተማ ፓጉላቶስ የተባለ የግሪክ ቤተሰብ የሚያስተዳድረው አክሮፖል የሚባል ሆቴል ነበር። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ የእርዳታ ሠራተኞችና ጋዜጠኞች ያርፉበት ነበር። ግንቦት 7 ቀን 1980 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሜይ 15 ቀን 1988) ማታ በሆቴሉ የምግብ አዳራሽ ፈንጂ ፈነዳ። አምስት እንግሊዛውያንና ሁለት ሱዳናውያን ሞቱ። ከነዚህም መካከል አባት፥ እናትና ሁለት ልጆቻቸው ነበሩ። በዚያው ምሽት ሱዳን ክለብ በተባለው ስፍራ ላይም አደጋ ተጣለ። ሆቴሉ ግን በሌላ ሕንፃ ሥራውን ቀጥሎ፥ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት እስኪፈነዳ ድረስ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል።

ከዚያ 15 ዓመት አስቀድሞ፥ የካቲት 22 ቀን 1965 ዓ.ም.፥ እዚያው ካርቱም በሳዑዲ ዐረቢያ ኤምባሲ ለአንድ ተሰናባች ዲፕሎማት ግብዣ ተደርጎ ሳለ የታጠቁ ሰዎች ገብተው እንግዶችን ያዙ፤ በማግሥቱም ሁለት አሜሪካውያንና አንድ የቤልጅግ ዲፕሎማት ገደሉ።

እንግዲህ በሁለቱም ጊዜ አደጋው የመጣው ወደ ምሽግ ሳይሆን ወደ ማዕድ መሆኑን ልብ እንበል። አሸባሪ የሚመርጠው ብዙ ሰው የሚሰበሰብበትንና ማንም ሳይጠየቅ የሚገባበትን ቦታ ነው።

ስለዚህ የሆቴልና የስብሰባ አዳራሽ ኃላፊዎች አስቀድመው ሊያሰናዱት የሚገባ ነገር አለ። መኪናዎች ከግድግዳው ርቀው ይቁሙ። ሁለተኛው መውጫ በር አይቈለፍ፤ ወንበርም አይከመርበት። አስተናጋጁም ሆነ ጽዳት ሠራተኛዋ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ቢያዩ ሳይነኩ ለማን እንደሚናገሩ ይወቁ። ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ማን እንደ ጐደለ ይታወቅ ዘንድ የእንግዶች ስም ዝርዝር በአንድ ሰው እጅ ይኑር። ይህንም ሁሉ የቀኑም የሌሊቱም ሠራተኛ በየጊዜው ይለማመደው።

ነገር ግን ከሁሉ የሚያስቸግረው ፍተሻ ነው፤ የሚያስቸግሩትም ታላላቅ ሰዎች ናቸው። እኛም ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለንም። አንድ ጊዜ ወደ ስብሰባ ስንገባ ዘበኛው ቦርሳችንን እንድንከፍት በትሕትና ቢጠይቀን «አታውቀንም ወይ?» ብለን አለፍን። ዘበኛውም አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ። ከኋላችን የመጣውም ሰው እኛን አይቶ ቦርሳውን ሳይከፍት ገባ። ያ ሰው ማን እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አናውቅም። በዚያ ዕለት የደረሰ ክፉ ነገር ባይኖርም፥ በሩን የከፈትነው እኛ መሆናችንን ስናስብ እናፍራለን።

ስለዚህ ባለሥልጣን የሆንን ሁሉ ቦርሳችንን ቀድመን እንክፈት። አለቃው ከተፈተሸ ማንም ሰው ተደፈርሁ አይልም። ወላጆችም ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሠርግ አዳራሽ ስትገቡ፥ ከመቀመጣችሁ በፊት ሁለተኛውን በር አሳዩአቸው።

ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮኽ ውሻ ለማንም አይጠቅምም።