ዘፈን በበዛ ጊዜ

ሙዚቃ በዲጂታል መንገድ መትረፍረፉ ዋጋውን አላጠፋውም፤ ዋጋው የሚያርፍበትን ቦታ ግን ቀይሮታል። ቀድሞ ብርቅ የነበረው ዘፈኑ ራሱ ነበር። አሁን ብርቅ የሆነው አንዱን ዘፈን ደጋግሞ ማድመጥ ነው። የኢትዮጵያ ሙዚቃ የመጣበት መንገድ ይህን በደንብ ያሳያል።

አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ ሪከርድስን ሲያቋቁሙ ዘፈን የሚወጣው በሸክላ ነበር። የሸክላው አንድ ገጽ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ስለማይዝ ረዘም ያለው ዘፈን ያጥራል፣ ወይም ለሁለት ተከፍሎ በሁለቱ ገጾች ይቀረጻል። ማጫወቻውም ውድ ስለነበር ብዙው ሰው የሚሰማው ከሬዲዮና ከቡና ቤት ነው።

ዘፈንን ወደ እያንዳንዱ ቤት ያስገባው ካሴት ነው። ካሴት የገዛ ሰው ገንዘቡን አውጥቷልና ያልጣመውንም ዘፈን ይሰማል። ለመዝለል ክሩን ወደፊት ማስኬድ፣ አለፍ ሲል መልሶ ማጠንጠን ያስፈልጋል፤ የቴፑን ድንጋይም ይጨርሳል። እናም በሁለተኛው ገጽ መጨረሻ ላይ የተቀመጠ፣ መጀመሪያ ማንም ልብ ያላለው ዘፈን ከወር በኋላ የቤቱ ሁሉ ተወዳጅ ሆኖ ይገኛል። ሰምና ወርቅ ያለው ግጥም በተለይ ይህን ጊዜ ይሻል፤ ወርቁ ባንድ መስማት እጅ አይሰጥም።

ካሴት በካሴት መገልበጥ ግን ድምፃውያንን ክፉኛ ጎድቷል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ የሚጠበቀው ነገር ቅጂው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ዘፈን በፍላሽና በሚሞሪ ካርድ በመቶዎች ይጫን ጀመር። ዩቲዩብ ሲስፋፋ ደግሞ ቅጂ መያዙ ራሱ አላስፈላጊ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ አለ። ካሴት ሺህ ጊዜ ቢደመጥ ለዘፈኑ ባለቤት የሚያስገባው የአንድ ጊዜ ሽያጭ ብቻ ነበር፤ ስፖቲፋይን የመሰሉ አገልግሎቶች ግን ክፍያውን የሚያሰሉት በመደመጥ ብዛት ነው። ለድግግሞሽ የሚከፍለው ዘመን ግን ድግግሞሽን ከባድ አድርጎታል፤ ሌላው ዘፈን አንድ ጣት ብቻ ነው የሚርቀው። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላው ነው። ይህ ሥርዓት ቀስ ብሎ የሚከፈተውን የክራር ወይም የሳክስፎን መግቢያ ይጎዳል፤ የትዝታ ዓይነቱን እርጋታ ደግሞ የባሰ። ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

መትረፍረፉ የሰጠውም አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአኮርዲዮን የሠሩት ካሴት ለዓመታት ተረስቶ ቆይቷል፤ እሳቸውም በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር። አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ካሴቱን አግኝቶ ወደደው፤ እ.ኤ.አ. በ2013ም በድጋሚ አሳተመው። ሙዚቃው በኢንተርኔት በመላው ዓለም ተሰራጨ። ኃይሉም ወደ መድረክ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አልበም አወጡ።