ቴርሞሜትሩ በየትኛው ከፍታ ይሰቀል? የመጋዘን ሙቀት ሕጎች የዘለሉት ጥያቄ

በአንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ሁለት ዓይነት አየር አለ። አንደኛው ሥራ አስኪያጁና ተቆጣጣሪው ቆመው የሚለኩት የወለሉ አየር ነው። ሁለተኛው ከጣሪያው ሥር ያለው ሲሆን፣ የሚያውቀው ከነመቆሚያው ከፍ በሚያደርገው ፎርክሊፍት ላይ ሆኖ ከመደርደሪያው ጫፍ ዕቃ የሚለቅመው ሠራተኛ ብቻ ነው። ከወገኖቻችን ብዙዎች በዚህ ሥራ ተሰማርተዋል። የሙቀት መከላከያ ደንቦች ግን ሁለተኛው አየር እንዲለካ በግልጽ አያዝዙም። ይህ ክፍተት መዘጋት አለበት።

ምክንያቱ ውስብስብ አይደለም። አየር ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሲሰፋም ይቀልላል። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 1.20 ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን አንድ ሜትር ኩብ አየር፣ በ40 ዲግሪ ወደ 1.13 ኪሎ ግራም ይወርዳል። የቀለለው አየር ወጥቶ ከጣሪያው ሥር ይከማቻል። በሐምሌና በነሐሴ ፀሐይ የጋለው የብረት ጣሪያም ይህንኑ አየር ይበልጥ ያሞቀዋል፤ በጨረሩም ከሥሩ ያለውን ሠራተኛ በቀጥታ ያገኘዋል። ትኩሱን አየር የሚያስወጣ መተንፈሻ ከሌለ ሙቀቱ እዚያው ይውላል።

የልዩነቱ መጠን እንደ ሕንጻው ይለያያል። ለምሳሌ ያህል፣ ሙቀቱ በየሜትሩ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ይጨምራል እንበል። ወለሉ ላይ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ማለትም 79 ፋራናይት ገደማ ሲሆን፣ 10 ሜትር ከፍታ ላይ 31 ዲግሪ ወይም 88 ፋራናይት ገደማ ይደርሳል።

ይህ ስሌት ሕጋዊ ውጤት አለው። እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ጀምሮ የጸናው የሜሪላንድ ደንብ ተግባራዊ የሚሆነው፣ ሙቀትንና እርጥበትን አጣምሮ የሚያሳየው ሂት ኢንዴክስ 80 ፋራናይት ሲደርስ ነው። በካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 23 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራው የቤት ውስጥ ሙቀት ደንብ ከ82 ፋራናይት ይጀምራል፤ በ87 ደግሞ ተጨማሪ ግዴታዎችን ይጥላል። እርጥበቱን ለጊዜው ብንተወው፣ በምሳሌያችን ወለሉ ላይ ከእነዚህ ደንቦች አንዱም አይነሳም፤ ላይ ግን ሁሉም ወሰኖች ታልፈዋል። ሠራተኛው አንድ፣ ሕንጻው አንድ፣ ሰዓቱም አንድ ነው፤ ጥበቃ ማግኘት አለማግኘቱን የሚወስነው መለኪያው የተሰቀለበት ቦታ ነው።

የካሊፎርኒያ ደንብ ልኬቱ ሠራተኞች በሚሠሩበት ቦታና ለሙቀት ይበልጥ በሚጋለጡበት ሰዓት እንዲካሄድ ማዘዙ ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም «ከፍታ» የሚል ቃል ባለመኖሩ፣ «የሥራ ቦታ» የሚለውን ወለሉ ብቻ አድርጎ ለሚተረጉም አሠሪ በር ይከፍታል።

ከፍታን መለካት አዲስ ወይም አስቸጋሪ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት መድኃኒት የሚቀመጥባቸው መጋዘኖች የሙቀት ካርታ እንዲሠራላቸው ይመክራል፤ መለኪያዎቹም ከወለሉ አጠገብ፣ ከመካከልና ከላይ በየደረጃው እንዲቀመጡ ያሳስባል። ለመድኃኒት ካርቶን የተደረገው ጥንቃቄ ካርቶኑን ለሚያወርደው ሰው የማይደረግበት ምክንያት አይታየንም።

አሠሪዎች «ሠራተኛው ላይ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ነው» ይሉ ይሆናል። እነዚያ ደቂቃዎች ግን በአንድ ፈረቃ ብዙ ጊዜ ይደጋገማሉ፤ ከባድ ዕቃ እያነሳ የሚሠራ ሰውም የሰውነቱ ሙቀት በእያንዳንዱ ዙር ይጨምራል። የቆይታው ጊዜ በእርግጥ አጭር ከሆነ፣ ልኬቱና መዝገቡ ራሳቸው ያስረዳሉ። «ማራገቢያ ገጥመናል» የሚለውም መልስ በቂ አይደለም። ማራገቢያ አየሩን ያቀላቅላል እንጂ ሙቀቱን ከሕንጻው አያስወጣም፤ እንዲያውም የላይኛውን ትኩስ አየር ወለሉ ላይ ወዳሉት ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከጣሪያ መተንፈሻ ወይም ከማቀዝቀዣ ጋር መታሰብ አለበት።

በዚህ መሠረት የሚከተሉትን እንጠይቃለን፦

1. ልኬቱ ሠራተኛ በሚደርስበት ከፍተኛው ቦታ፣ በሚተነፍስበት ደረጃ ይካሄድ፤ የደንቡን ተፈጻሚነት የሚወስነውም ትልቁ ንባብ ይሁን።

2. ባለ ከፍተኛ መደርደሪያ መጋዘኖች በሞቃቱ ወራት በየከፍታው የሙቀት ካርታ ይሥሩ፤ ጣሪያው፣ የመደርደሪያው አደራደር ወይም የአየር ዝውውሩ ሲለወጥም ያድሱት።

3. የልኬቱ መዝገብ ሠራተኞች በሚረዱት ቋንቋ፣ አማርኛን ጨምሮ፣ በሚታይ ቦታ ይለጠፍ።

4. የዕረፍት ጊዜ ሲሰላ ሠራተኛው ከፍ ብሎ የቆየበት ሰዓት ይቆጠር፤ ዕረፍቱም ከምርት ኮታው አይቀነስበት።

ለምክር ቤት አባላት ረዳቶች የምናቀርበው ጥያቄ የአንድ ዓረፍተ ነገር ማሻሻያ ነው፦ «ልኬቱ ሠራተኛው በሚሠራበት ከፍታ ይካሄዳል» የሚል። ዓረፍተ ነገሩ በክልል ደንቦችም ሆነ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 በታተመው የፌዴራል ረቂቅ ውስጥ ቦታ ሊያገኝ ይገባል። ለመብት ተሟጋቾች ደግሞ፦ በመጋዘን የሚሠሩ ወገኖቻችንን ስታነጋግሩ «ምን ያህል ይሞቃል?» በማለት ብቻ አትወሰኑ። «መለኪያው የት ተሰቅሏል? እናንተስ እስከ የት ትወጣላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ርቀት ሕጉ ያልደረሰበት ቦታ ነው።