ከፓምፑ ጋር ስለሚወርደው ቅጥያ፦ ለጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ገጣሚዎችና ሥራውን ለሚረከቡ ባለሙያዎች ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፣

ስለ አንዲት የሽቦ ቅጥያ ልለምናችሁ ነው የምጽፈው። የሰብመርሲብል ፓምፕ ሞተር ይዞት የሚመጣው ኬብል አጭር ስለሆነ ከረጅሙ ኬብል ጋር መቀጠሉ ግድ ነው። ቅጥያው ከፓምፑ ጋር ወርዶ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ከውሃው ገጽ 100 ሜትር ዝቅ ሲል 10 ባር ያህል ግፊት ያርፍበታል፤ ውሃውም የፀጉር ያህል ክፍተት ካገኘ ይገባል።

ከጉድጓድ በወጡ ኬብሎች ላይ ተራ የቤት ናስትሮ ብቻ ተጠቅልሎ አይቻለሁ። ከላይ ሲያዩት ወፍራምና ደህና ይመስላል። ሲፈታ ሙጫው ሟሙቶ ያዳልጣል፣ መዳቡ አረንጓዴ ለብሷል፣ አንዱ ፌዝ ሌላውን በነካበት በኩል ጠቁሮ ተበስቷል። ውሃው በመዳቡ ክሮች መሃል እየተሳበ ስለሚዘልቅ፣ የተበላሸውን ቆርጦ መቀጠል እንኳ አንዳንዴ አይበቃም።

አሠራሩን ታውቁታላችሁ። ሦስቱ ፌዞች አንድ ቦታ ላይ አይቀጠሉም። ልባሱ በብርጭቆ ወረቀት ተሻክሮ ቅባቱ ይጸዳል፣ መዳቡ በልኩ በሆነ ማያያዣ ይጨመቃል፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ሽፋን ሙጫው በሁለቱም ጫፍ እስኪወጣ ይሞቃል፤ ወይም የሬዚን ኪት ይሞላል። ሲቀዘቅዝ ባልዲ ውሃ ውስጥ ተነክሮ በ500 ቮልት ሜገር ይለካል። የምትጣደፉት ክሬኑ በሰዓት ስለሚከፈልበት እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን 200 ሜትር ላይ ያለ ፓምፕ ዳግመኛ ሲወጣ ያው ክሬን ይመጣል፤ ባለ 6 ሜትር ቧንቧ ከ30 በላይ አንድ በአንድ ይፈታል። እስከዚያ ቦኖው ደርቆ ይቆያል፤ በቦረናም በአፋርም እናቶችና ልጃገረዶች ጀሪካን ይዘው ወደ ኩሬ ይመለሳሉ። ዕዳውን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፤ ቅጥያው ሲሠራ ግን ማንም አላሳያቸውም።

እናንተም የምትረከቡ፣ ውሃ ሲፈስ አይታችሁ ብቻ አትፈርሙ። መጥፎ ቅጥያም በርክክቡ ቀን ውሃ ያወጣል። ሲቀጠል አጠገቡ ቁሙ። በጨረታ ሰነዱ ላይ የቅጥያ ኪቱን ለብቻው ዘርዝሩት፤ በጥቅሉ ከታለፈ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ ነው። የሜገሩ ንባብ፣ ፓምፑ ከመውረዱ በፊትም ከወረደ በኋላም፣ ተጽፎ ለውሃ ኮሚቴው ይሰጥ። በዓመቱ ሊለካ የሚመጣ ሰው የሚያነጻጽርበት ቁጥር ያገኛል፤ ቁጥሩ እየወረደ ከሆነም ሞተሩ ሳይቃጠል ይደረስለታል።

አክባሪያችሁ፣
የውሃ ሥራ ኤሌክትሪሺያን