ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ

እንደሚታወቀው ሁሉ፣ ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ግርጌ የመጣን ተማሪዎች ለጥናታችን ተመልሰን የምንሄደው ወደዚያው ወደ ትውልድ ቀበሌያችን ነው። ዳገቱን ወጥተን፣ ቁልቁለቱን ወርደን፣ ከቤት ወደ ቤት እየጠየቅን የምንሰበስበው ቃል ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው ባንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ዛሬ የምንለው አጭር ነው። ገበሬው እርሻውን አቁሞ የሰጠንን ቃል ባንድ ዲስክ ላይ ብቻ ማኖር አደራ መብላት ነው።

ይህን ስንል ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ነው። በሊኑክስ በሚሠራው ኮምፒውተራችን ላይ ቅጂ የሚቀመጥበት ሁለተኛ ዲስክ ገጠምን። የጥናታችን ጽሑፍ ያለበት አሮጌው ዲስክ «ኤስዲቢ»፣ ባዶው አዲስ ዲስክ «ኤስዲሲ» መባላቸውን በወረቀት ጻፍን። በመካከሉ መብራት ሄደ። በተመለሰ ጊዜ ማሽኑን አስነሣንና ዳግመኛ ሳናይ «ኤስዲሲ» የተባለውን ፎርማት አደረግን። ፊደሎቹ ግን ተለዋውጠው ኖረዋል! ባዶው ዲስክ ባዶውን ቀረ፤ የወራት ድካም ያለበት ተደመሰሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ የሆነው ሁሉ የገባን ከዚያ በኋላ ነው።

ሊኑክስ እነዚህን ፊደሎች የሚሰጠው ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል ነው፤ ዛሬ የተሰጠው ፊደል ነገ ላይደገም ይችላል። ስለዚህ ሥራው እንዲህ ይሁን። በመጀመሪያ «ኤልኤስቢኤልኬ» በሚለው ትእዛዝ የዲስኮቹን መጠንና የፋብሪካ መለያ ቁጥር አይቶ አዲሱን መለየት፤ የሚቻል ከሆነም አሮጌውን ነቅሎ ማስቀመጥ። ቀጥሎ አዲሱን መከፋፈል፤ ዲስኩ ከሁለት ቴራባይት በላይ ከሆነ አሮጌው የክፍፍል ሰሌዳ ስለማይበቃው «ጂፒቲ» የተባለውን መምረጥ። ከዚያ «ኤክስት ፎር» በሚባለው የፋይል ሥርዓት ማዘጋጀት። በመጨረሻም ማውንት ማድረግ። ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ዲስክ የራሱን ፊደል ሲሰጥ፣ ሊኑክስ ግን ሁሉንም ካንድ ሥር በወጣ ዛፍ ላይ እንደ ቅርንጫፍ ይቀጥላል። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንዲያስታውሰው በ«ኤፍስታብ» ፋይል ውስጥ ይመዘገባል። ሲመዘገብም በሚለዋወጠው ፊደል ሳይሆን «ዩዩአይዲ» በተባለው ቋሚ መታወቂያው ይሁን። «ኖፌይል» የሚለው ቃል ቢጨመርበት ዲስኩ ባይገኝም ማሽኑ መነሣቱን አይተውም። መዝግቦ ወዲያው ማጥፋትም አይገባም፤ መጀመሪያ ማውንት አድርጎ መሞከር ነው።

ይህ ሁሉ ባለሙያ ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር አይደለም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በተቋቋመበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ዩኒክስን ሲጀምሩ የነበራቸው ማሽን ትንሽ ነበር። ጥቂት ቆይቶም ሥርዓቱ አንዱን ዲስክ ሞልቶ ስለፈሰሰ ከፊሉን የተጠቃሚዎች ፋይል ወደሚኖርበት ሁለተኛ ዲስክ አዛወሩት። «ዩኤስአር» የተባለው ማውጫ እስከ ዛሬ በሊኑክስ ውስጥ የቀረው ከዚያው ችግር ነው። እነሱ በጥበት ጊዜ ያደረጉትን እኛ ለማድረግ ምን ይከለክለናል?

አንዳንድ ወንድሞች «ኢንተርኔት ላይ ማስቀመጥ እያለ ዲስክ ምን ያደርጋል?» ይሉናል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት እንደቆየ ረሱትን? ኢንተርኔት ሲኖር እንጠቀምበት፤ ሳይኖር ግን እጃችን ላይ ያለው ቅጂ ብቻ ነው የሚያገለግለን።

ነገር ግን ሁለተኛው ዲስክ ካንዱ ሳጥን ውስጥ ከመጀመሪያው ጋር ተቀምጦ ከዋለ፣ ሌባም እሳትም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ለዚህ ከታሪካችን የሚበልጥ ምስክር የለም። በ1847 ዓ.ም. በስሜን በደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫኑት ዐፄ ቴዎድሮስ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን መጻሕፍት አሰባስበው መቅደላ ላይ አከማቹ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው በተያዘ ጊዜ የእንግሊዝ ጦር ዘረፋቸው፤ 350 ያህሉም ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ባንድ ስፍራ የተከማቸ ባንድ ቀን ይሄዳል። እንግዲህ ቅጂው ካለቀ በኋላ ዲስኩን ከማውንት አውርዶ፣ ነቅሎ፣ በሌላ ቤት፣ ቢቻል በሌላ ከተማ ማኖር ይገባል። አንዱ ደባርቅ ቢሆን ሌላው ዳባት ወይም ጎንደር ይሁን።

በዳባት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕዝቡ ልደት፣ ሞትና ፍልሰት ቤት ለቤት እየተመዘገበ ይገኛል። እንዲህ ያለው መዝገብ ዋጋው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ቢጠፋ ያለፈውን ዓመት ተመልሶ ማን ይቆጥረዋል? የእኛ ጥናት ትንሽ ቢሆንም ሕጉ ያው ነው።

ስለሆነም የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ጥናት የሚሠራበት ክፍል ሁሉ ሁለተኛ ዲስክ ይኑረው። የአሠራሩ ቅደም ተከተል በአማርኛ ባንድ ገጽ ተጽፎ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ይለጠፍ። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ገጠር ከመውጣቱ በፊት ምንም በሌለበት ዲስክ ላይ ሥራውን በገዛ እጁ ይለማመድ፤ ከቅጂውም አንድ ፋይል መልሶ አውጥቶ ያንብብ፤ ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይደለምና።

ይህች ወረቀት እንኳ ካንድ ስቴንስል ተባዝታ ነው እጃችሁ የገባችው፤ አንዷ ብትቀደድ ሌላዋ ትነበባለች። ሕዝባችን ለነገረን ቃል ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ልናደርግለት አይገባም።