የኪሩና ሬንዲሮች መተላለፊያ
በሰሜን ስዊድን፣ ኪሩና ላይ፣ የመንግሥት የሆነው የብረት ማዕድን ኩባንያ ኤልኬኤቢ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ለኤሌክትሪክ መኪና ሞተር የሚውሉ ብርቅዬ ማዕድናት ክምችት ማግኘቱን ሲያበስር አውሮፓ ተደሰተች። ቦታው ግን የሰሜን ስካንዲኔቪያ ነባር ሕዝብ የሆኑት ሳሚዎች፣ የጋብና ማኅበረሰብ አርቢዎች፣ ሬንዲሮቻቸውን ከግጦሽ ወደ ግጦሽ የሚነዱበት፣ ነባሩ የማዕድን ማውጫና ከተማው አስቀድመው ያጠበቡት መተላለፊያ ነው። ሬንዲር የብርዱን ወራት የሚያልፈው በረዶውን በሰኮናው ጭሮ ከሥሩ ያለውን ላይከን እየበላ ነው። አሁን አየሩ እየሞቀ በብርዱ መሀል ዝናብ ይጥላል፤ ውሃው መልሶ በረዶ ይሆንና መሬቱን እንደ መስተዋት ይለብጠዋል፤ ሰኮናው ይንሸራተታል፣ መንጋው ይራባል። ያኔ አርቢው መንጋውን ወደ ሌላ ግጦሽ መንዳት አለበት፤ ካልሆነም መኖ ገዝቶ ማብላት። እንግዲህ በኤሌክትሪክ መኪና የአየር ንብረት ለውጥን እንከላከላለን እያሉ፣ ለውጡ አስቀድሞ የጎዳውን ሰው መሄጃ መንሳት ፍርደ ገምድልነት ነው። የኖርዌይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 የፎሰን የነፋስ ኃይል ጣቢያዎች ፈቃድ የሳሚዎችን መብት ይጥሳል ብሎ ሽሮታል፤ ተርባይኖቹ ግን ቀድመው ተተክለው ስለነበር መሽከርከራቸውን አላቆሙም። ኪሩና ላይ ይህ እንዳይደገም፣ ማዕድኑ መውጣት ከመጀመሩ በፊት መንጋው የሚያልፍበትን መስመር ካርታው ላይ አርቢዎቹ ራሳቸው ያስምሩ፤ የማዕድኑ ዕቅድም በዚያ መስመር ዙሪያ ይነደፍ።